አሮጌ መኪናን ማደሪያ ስለ ማድረግና ስለ ማሞቂያው

ድንኳን ተክሎ በሜዳ መስፈር በአገራችን የቆየ ልማድ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። በጀርመን አገር ዌስትፋሊያ የተባለው ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. የፎልክስዋገንን መኪና መኝታና ማድ ቤት ያበጅለት ከጀመረ ወዲህ ግን፥ ድንኳኑን በመኪና የለወጡ ሰዎች በዝተዋል። እኛም በወላይታ ሶዶ አንድ አሮጌ ፎልክስዋገን ገዝተን፥ ዝገቱን አስፍቀን፥ ወለሉን አስለውጠን፥ አልጋ አስገባንበት።

ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርድን ሰው ብርድ አያሳስበውም። ከሶዶ ራስጌ ያለው የዳሞታ ተራራ ግን ከ2700 ሜትር በላይ ነውና ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል። ባለፈው ዓመት በዚያ ስናድር፥ ጢስ የለውም ብለን የተመካንበትን የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ አስገብተን መስኮቱን ሁሉ ዘጋን። በእኩለ ሌሊት ትንሹ ልጃችን ራሴን አመመኝ ብሎ አስመለሰው። ባለቤታችን ነገሩ ገብቷት በሩን በርግዳ ልጆቹን አወጣች፤ እኛን ግን ጉልበታችን ከድቶን ነበርና እርስዋው ጐትታ አወጣችን።

ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ መልክም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ስፍራ ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይይዛል። በወላይታ የሣር ቤት እሳት ሲነድ ክዳኑ ጢሱን እያጣራ ያሳልፈዋል (በዚያም ቢሆን ዓይንና ሳንባ አይተርፍም)፤ ቆርቆሮ ግን ምንም አያሳልፍም። ይህን አስቀድመን ልናስብ ይገባን ነበር።

ስለዚህ ሥራውን እንደገና ስንይዝ ከእሳቱ በፊት ግድግዳውን አስቀደምን። ቆርቆሮ ሙቀትን ወደ ውጭ ያወጣል፤ የተኙ ሰዎች ትንፋሽም በላዩ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፥ ዝገቱም ከዚያ ይመጣል። በቆርቆሮውና በውስጠኛው ሳንቃ መካከል የታጠበ የበግ ጠጉር ጠቀጠቅንበት፤ ጠጉር እርጥበት ቢጠጣም ሙቀት መያዙን አይተውምና። መስኮቶቹንም በወፍራም ባና ጋረድን። በዚህ ብቻ የብርዱ እኩሌታ የጠፋ መሰለን።

ለቀረው በናፍጣ የሚሠራ ትንሽ ማሞቂያ አስገጠምን። ይህ ማሞቂያ የሚነድበትን አየር ከውጭ ስቦ ጢሱንም በቧንቧ ወደ ውጭ ይሰድዳል፤ ወደ ውስጥ የሚነፋው ንጹሕ ሙቅ አየር ብቻ ነው። በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በሰዓት ሩብ ሊትር ያህል ናፍጣ ይበቃዋል፤ ማራገቢያውንም በሶላር የሚሞላ ባትሪ ያዞረዋል። ነገር ግን የዳሞታ አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፥ ለቆላ የተለካው ናፍጣ በዚያ ይበዛበትና ማሞቂያው ጥቀርሻ ያጠራቅማል። ለከፍታ የሚስተካከለውን ዓይነት መርጦ መግዛት ያስፈልጋል። ከአልጋው አጠገብም ያ ጋዝ ሲገኝ የሚጮኽ መሣሪያ ሰቅለናል።

በጥቅምት ወር ወደ ተራራው ተመልሰን ልጆቹ እስከ ንጋት ተኙ። ባለቤታችን ግን እስከ ዛሬ አንዱን መስኮት ጣት የምታህል ሳትከፍት አትተኛም።