ሃያ አራት ወይስ አራትና ሃያ፦ የደች መዋዕለ ሕፃናት የማይሰማው የቁጥር ዕውቀት

በኔዘርላንድስ ሕፃን አራት ዓመት ሲሞላው የትምህርት ቤት ደጃፍ ይረግጣል። ሕጉ የሚያስገድደው ከአምስት ዓመት ጀምሮ ቢሆንም ልጁን እስከዚያ ቤት የሚያቆይ ወላጅ ጥቂት ነው። በዞተርሜር፣ በዘ ሄግ ወይም በሮተርዳም ከኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የተወለደ ሕፃንም በዚሁ ዕድሜ ግሩፕ 1 በሚባለው ክፍል ይቀመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መምህርቷ እያጫወተች ትታዘበዋለች። እስከ ስንት ይቆጥራል? አምስት ኩብ አምጣ ሲባል በትክክል አምስት ያመጣል? ከሁለት ክምር የሚበልጠውን ይለያል? ጥያቄው በደችኛ ነውና ልጁ ዝም ይላል። መዝገቡ ላይም የቁጥር ግንዛቤው ገና እንደሆነ ይሰፍራል። በዚያው ምሽት እናቱ ቡና ስታፈላ ለስድስት እንግዶች ሲኒ ደርድሮ፣ አንድ መጉደሉን አይቶ ስድስተኛውን የሚያመጣው ይኸው ልጅ ሊሆን ይችላል።

ይህ የአንድ የታወቀ ሕፃን ታሪክ ሳይሆን አሠራሩ በራሱ ሊፈጥረው የሚችል ስሕተት ነው። ስሕተቱም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ግሬግ ደንካንና ባልደረቦቹ ከአሜሪካ፣ ከብሪታንያና ከካናዳ የተሰበሰቡ ስድስት የረጅም ጊዜ የልጆች መረጃዎችን መርምረው ነበር። ትምህርት ቤት ሲገቡ የሚታየው የሂሳብ ችሎታ፣ ከንባብ ችሎታና ትኩረት ከመስጠት ብቃት በላይ፣ የኋለኛውን የትምህርት ውጤት አስቀድሞ የሚጠቁም ሆኖ አገኙት። ግኝቱ ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም፤ በፖሊሲ ሰነዶች ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ተለጥጦ ይጠቀሳል። ያም ሆኖ ለኔዘርላንድስ ክርክር የሚሰጠው ትርጉም ግልጽ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪዎቿ በፒዛ የሂሳብ ምዘና እ.ኤ.አ. በ2003 ያገኙት 538 ነጥብ በ2022 ወደ 493 ወርዷል። ሕዝባዊው ቁጣ ያተኮረው በአሥራ አምስት ዓመቶቹ ላይ ነው። የአራት ዓመቱ ሕፃን ግን በዚህ ውይይት ውስጥ ብዙም ቦታ አላገኘም።

ነገሩ በዞተርሜር ሲነሣ ትንሽ ምጸት አለው። የትምህርት ሚኒስቴሩ ወደ ዘ ሄግ ከመዛወሩ በፊት፣ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ፣ መቀመጫው በዚህችው ከተማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 በሥራ ላይ የዋለው ሕግ መዋዕለ ሕፃናቱንና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን አዋሕዶ ዛሬ ግሩፕ 1 እና 2 የሚባሉትን ክፍሎች ፈጠረ። ከዚያ በፊት ያለውን ዕድሜ የሚሸፍነው የቅድመ ትምህርት ድጋፍ በማዘጋጃ ቤቶች እጅ ነው። ከነሐሴ 2020 ጀምሮ ማዘጋጃ ቤቶች ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል ለተባሉ ሕፃናት ከ2 ዓመት ተኩል እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ 960 ሰዓት የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ድጋፍ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ የመወሰን ሥልጣንም የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ በተግባር አብዛኛውን ጊዜ ጥቆማው የሚመጣው ከሕፃናት ጤና መከታተያ ጣቢያ ነው።

ብሔራዊው በጀት የሚከፋፈለው ደግሞ የስታቲስቲክስ ቢሮው ባዘጋጀው መለኪያ ነው። መለኪያው የወላጆችን የትምህርት ደረጃ፣ የትውልድ አገራቸውን፣ እናቲቱ በኔዘርላንድስ የኖረችበትን ጊዜ፣ በትምህርት ቤቱ ያሉ እናቶችን አማካይ የትምህርት ደረጃና ቤተሰቡ በዕዳ ማቃለያ ሥርዓት ውስጥ መሆን አለመሆኑን ይመለከታል። እነዚህ ሁሉ የሚነግሩት ልጁ ምን ሊጎድለው እንደሚችል ነው። ይዞት የመጣውን የሚጠይቅ አንድም መስፈርት የለም። ለገንዘብ ማከፋፈያ ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ይኸው የጉድለት መነጽር ከበጀት ሠንጠረዡ ወርዶ የመማሪያ ክፍሉን ምልከታ ሲመራ ነው።

ለመሆኑ በአማርኛ የሚቆጥር ሕፃን ይዞት የሚመጣው ምንድን ነው? የመጀመሪያው ለየትኛውም ቋንቋ የማይገዛ ዕውቀት ነው። ሮቼል ጌልማንና ራንዲ ጋሊስተል እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳዩት፣ መቁጠር ማለት ቃላትን መደርደር ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቃል ብቻ መስጠት፣ የቃላቱን ቅደም ተከተል አለማዛባትና የመጨረሻው ቃል የጠቅላላውን ብዛት እንደሚናገር ማወቅን ይጠይቃል። ሲኒ ሲደረደር፣ በቅልብልቦሽ ጠጠር ወደ ላይ ተወርውሮ ሲቀለብ፣ በገበጣ ጉድጓዶች ውስጥ ጠጠር አንድ በአንድ ሲዘራ የሚለመደው ይኸው ነው። ይህን አንዴ የተረዳ ልጅ በደችኛ እንደገና መረዳት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው አዲሶቹን ቃላት ማወቅ ነው። ሁለቱን ጉድለቶች፣ ማለትም የቃል ማጣትንና የግንዛቤ ማጣትን፣ መለየት ያልቻለ ምልከታ መምህርቷን ወደ ተሳሳተ ሥራ ይመራታል። ልጁ የሚያውቀውን ስታስተምረው የማያውቀው ሳይነካ ይቀራል።

ሁለተኛው ስጦታ ከቋንቋው ከራሱ የሚመነጭ ነው። አማርኛ 14ን አሥራ አራት ይላል፤ አሥሩ ይቀድማል፣ አራቱ ይከተላል። 24 ሃያ አራት ነው፤ በግዕዝ አኃዝ ሲጻፍም ፳፬ ሆኖ ሃያው ቀድሞ አራቱ ይከተላል። ልጁ የሚሰማው፣ የሚያየውና የሚጽፈው ቅደም ተከተል አንድ ነው። ደችኛ ግን 11ንና 12ን ኤልፍና ትዋልፍ ይላቸዋል፤ በሁለቱም ውስጥ አሥር አይሰማም። 14 ፌርቲን ነው፣ አራት አሥር እንደማለት። 24 ደግሞ ፊርኤንትዊንቲኽ፣ አራትና ሃያ። ልጁ አራትን ቀድሞ እየሰማ ሁለትን ቀድሞ መጻፍ አለበት። ይህ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ለሚማሩ የደች ልጆችም ሸክም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በኑሮ ደረጃና በሂሳብ ችሎታ ተመሳሳይ የሆኑ የደችኛና የእንግሊዝኛ ተናጋሪ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን አነጻጽሮ ነበር። ብዛት በነጥቦች ሲቀርብላቸው ልዩነት አልታየም፤ በቁጥር ምልክቶች ሲሆን ግን የደችኛ ተናጋሪዎቹ ወደ ኋላ ቀሩ። ቀደም ሲል በ1995 የቻይናና የአሜሪካ ሕፃናትን ያነጻጸረ ጥናትም እስከ አሥር ባለው ቆጠራ ልዩነት አላየም፤ ልዩነቱ የተከፈተው የእንግሊዝኛ ስሞች ከሥርዓት በሚወጡበት ከአሥር በላይ ባለው መንገድ ነው።

አማርኛ እንደ ቻይንኛ ፍጹም ግልጽ አይደለም። ሃያ የሚለው ቃል ሁለትን አያስታውስም፤ ከአርባ በላይ ያሉት ግን ከአራት፣ ከአምስት፣ ከስድስት ጋር ያላቸው ዝምድና ለጆሮ ቅርብ ነው። ትልቁ ጥቅም ግን በአሥርና በሃያ መካከል ነው፤ የግሩፕ 2 ሥራ በአብዛኛው የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ከራሷ ከኔዘርላንድስ የመጣ አንድ መሣሪያ ሊታወስ ይገባል። ከሃንስ ፍሮይደንታል ትምህርት በመነሣት በኡትሬክት የዳበረው፣ ሂሳብን ልጁ ሊጨብጠው ከሚችለው ነገር የሚያስጀምረው የማስተማሪያ መንገድ ለዓለም ያበረከተው አንድ ቀላል ዕቃ አለ፤ አድሪ ትሬፈርስ የነደፈው የዶቃ መደርደሪያ። በሁለት ረድፍ አሥር አሥር፣ በጠቅላላው ሃያ ዶቃዎች አሉት፤ በየረድፉ አምስቱ ቀይ፣ አምስቱ ነጭ ናቸው። ልጁ 14ን ለማሳየት የላይኛውን ረድፍ ሙሉውን ይገፋል፣ ከታችኛው አራት ይጨምራል። ያየው አሥር ከአራት ነው። በክፍሉ የሚሰማው ደግሞ አራት አሥር ነው። መሣሪያው አሥራ አራት ይላል ማለት ነው! አማርኛ ተናጋሪውን ልጅ በዚያ መደርደሪያ ፊት በቋንቋው እንዲቆጥር መፍቀድ ከትምህርቱ ማፈንገጥ ሳይሆን መሣሪያው ከተሠራበት ዓላማ ጋር መስማማት ነው። የደች እኩያው እንኳ ጓደኛው አሥሩን ለምን እንደሚያስቀድም ቢሰማ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም።

ነገሩ ለአማርኛ ብቻ የተለየ አይደለም። ትግርኛም፣ አፋን ኦሮሞም፣ ቱርክኛም፣ ከሃያ በላይ ባሉት ቁጥሮች ደግሞ ፖሊሽኛም አሥሩን ያስቀድማሉ፤ ዐረብኛ ግን እንደ ደችኛ አንዱን ያስቀድማል። የትኛው ልጅ በፊርኤንትዊንቲኽ ላይ እንደሚደናቀፍና የትኛው ቅደም ተከተሉን ከቤት ይዞት እንደሚመጣ ለማወቅ ለመምህርቷ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ይበቃታል።

ክብደት ሊሰጠው የሚገባ ተቃውሞ አለ። የስሌት ዕውቀት በተማሩበት ቋንቋ እንደሚቀመጥ፣ ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎችም የተለማመዱትን ስሌት በተለማመዱበት ቋንቋ ፈጥነው እንደሚያስታውሱ የኤሊዛቤት ስፔልክ ሥራዎች አሳይተዋል። ስለዚህ ልጁ ወደፊት የሚፈተነው በደችኛ ከሆነ በደችኛ ይቁጠር የሚለው ክርክር ሞኝነት አይደለም። ዳሩ ግን ክርክሩ የሚደግፈው ደችኛውን በሚገባ ማስተማርን፣ በተለይም የተገላቢጦሹን አጠራር በግልጽ ማስረዳትን ነው። ልጁ የሚያውቀውን አለመጠየቅን አይደግፍም። ወላጆች በቤት ውስጥ በተሰባበረ ደችኛ እንዲቆጥሩ መምከርን ደግሞ ጨርሶ አይደግፍም፤ ያ ምክር ልጁን ከሁለቱም ያጎድለዋል።

ሌላው ተቃውሞ ፖለቲካዊ ነው። የስደተኛ ልጆች የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት በመንግሥት ወጪ ይሰጥ የነበረበት ሥርዓት በነሐሴ 2004 ተዘግቷል፤ የዚያን ጊዜው ክርክር ትዝታ አሁንም በምክር ቤቶች ውስጥ ያንዣብባል። እዚህ የሚጠየቀው ግን የቋንቋ ትምህርት አይደለም። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ሕጉ አንቀጽ 9 ማስተማሪያው ደችኛ መሆኑን ይደነግጋል። በዚያው አንቀጽ ግን የሌላ ባህል መነሻ ያላቸውን ልጆች ለመቀበልና ከትምህርቱ ጋር ለማገናኘት፣ የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ መሠረት፣ የትውልድ አገር ቋንቋን በተጓዳኝ መጠቀም ፈቅዷል። አዲስ ሕግ አያስፈልግም። የጎደለው በተፈቀደው በር የሚገባ ሰው ነው።

ማኅበረሰቡም የራሱ ድርሻ አለው። ጊታ ራማኒና ሮበርት ሲግለር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ ሕፃናት ቁጥሮች በተርታ የተጻፉበትን የሰሌዳ ጨዋታ በአራት አጫጭር ክፍለ ጊዜዎች ብቻ ተጫውተው በቁጥር ግንዛቤ ጉልህ መሻሻል አሳይተዋል። ሰሌዳው በካርቶን ላይ በአሥር ደቂቃ ይሠራል። ሰኞ ማክሰኞ በኖራ የሚሠመርበት አደባባይ በዞተርሜር መኖሪያ ሰፈሮች መካከል አይጠፋም፤ ሣጥኖቹ ላይ ቁጥር መጻፍ ብቻ ነው የሚቀረው። ቅዳሜና እሑድ ለልጆች ፊደል የሚያስቆጥሩ ማኅበራት ከሀ ሁ ጎን ቁጥርን ቢጨምሩ አዲስ በጀት አያስፈልጋቸውም። ወላጆች የሰዓቱን ጉዳይም አስቀድመው ለመምህርቷ ቢነግሩ መልካም ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ቁርስ በላሁ ያለ ልጅ አልተሳሳተም፣ አልዋሸምም።

ለምክር ቤት አባላት ረዳቶች የሚቀረው ሥራ የተወሰነ ነው። ማዘጋጃ ቤቱና የትምህርት ቤት አስተዳደሮች በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ስለሚጠበቀው ውጤት ስምምነት ይፈራረማሉ። ስምምነቱ በሚታደስበት ጊዜ የሚከተለው አንድ አንቀጽ ሊገባበት ይችላል፦ «በቤቱ ከደችኛ ሌላ ቋንቋ የሚነገርለት ልጅ ትምህርት በጀመረ በስምንት ሳምንት ውስጥ የቁጥር ምልከታው በቤቱ ቋንቋም ይካሄዳል፤ ወላጅ ወይም ቋንቋውን የሚያውቅ ሠራተኛ ይገኛል፤ ሁለቱም ውጤቶች ጎን ለጎን ይመዘገባሉ።» ተመሳሳይ ሐረግ ለ960ው ሰዓት ድጎማ በሚወጣው መመሪያ ውስጥ ቢገባ ልጁ ገና በሁለት ዓመት ተኩሉ ይጠየቃል። የሚያስፈልገው ጊዜ ለአንድ ልጅ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ለአማርኛ፣ ለትግርኛና ለአፋን ኦሮሞ የሚያስፈልጉትን የቁጥር ስሞችና የጥያቄ ዓረፍተ ነገሮች የያዘውን ገጽ ማዘጋጀት የማኅበራቱ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ስምምነቱ እስኪታደስም መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።