ጅብ ከሄደ በኋላ አንጩህ

የሪራ ሰዎች፣ የጎባና የሮቤ ወገኖች፣ በሳነቴ መንገድ የምትወጡና የምትወርዱ ሁሉ! ይህ ጥሪ በየደጃችን ስለተኛው ውሻ ነው።

ሌሊት ጅብ ከሐረና ጫካ ሲወጣ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ጥጃው ከበረቱ፣ በጓ ከጉረኖዋ በሰላም የምታነጋው እሱ ስላልተኛ ነው። ቀን ከእረኛው ኋላ ኋላ እያለ በሳነቴ አምባ ላይ ይውላል፤ ማታ የተረፈ ካለ ይቀምሳል፣ ከሌለም ተጠቅልሎ ብርዱን ይችላል። ከእኛ የሚደርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ድንጋይ ነው። በዓመት አንዴ የሚወጋትን አንዲት መርፌ እንኳ ነፍገነዋል። በዚያች መርፌ እጦት የሚሞተው ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም።

የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በምራቅ ነው። በንክሻ ከገባ በኋላ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይወስዳል፤ ቁስሉ ደርቆ፣ ቤተሰቡም ነገሩን ረስቶት ሳለ ማለት ነው። አንጎል ደርሶ ምልክቱ ከታየ ወዲያ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። በሽታውን ወደ ሰው የሚያመጣው ከመቶው በዘጠና ዘጠኙ ውሻ ነው። ከሚሞቱት አሥር ሰዎች አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ከውሻ ጋር የሚጫወት፣ ቡችላ የሚያቅፍ፣ ተነክሶም «እናቴ ትቆጣኛለች» ብሎ የሚደብቅ ሌላ ማን አለ?

ከብታችንንም አይምርም። ያበደ ውሻ የነከሳት ላም ከሳምንታት በኋላ መብላት ትተዋለች፤ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ድምፅዋ ጎርንኖ ያለማቋረጥ ታገሳለች፣ መዋጥ ያቅታታል። ባለቤቷ የሚያስበው ድንች ወይም አጥንት አንቋታል ብሎ ነው። ሊያወጣላት እጁን ከጉሮሮዋ ይከታል፤ ምራቋ በተሰነጣጠቀ እጁ ላይ ይፈሳል። ላሚቱን ለማዳን የዘረጋው ደግ እጅ በሽታውን ወደ ቤቱ ይዞ ይገባል። ስለዚህ ይህን ምልክት ያየ ሰው እጁን ይሰብስብ፤ ላሚቱን ለብቻዋ አስሮ የእንስሳት ሐኪም ይጥራ። ሥጋዋም አይበላ።

ከላሚቱ በላይ፣ ከሪራ ሽቅብ፣ ሌላ ነፍስ አለ። ቀይ ቀበሮ ነው፤ በኦሮምኛ ጄዳላ ፈርዳ፣ የፈረስ ቀበሮ ይባላል። ለመውለድ የተቃረበች ባዝራ እየተከተለ የእንግዴ ልጇን ስለሚበላ ነው ይላሉ አባቶች። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም ምድር የለም። ለአቅመ መውለድ የደረሱት በሙሉ 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት እዚህ፣ በባሌ ተራሮች ላይ ነው። ተራሮቹ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ሁላችንም ተደስተናል። የደስታው ባለቤት የሆነው እንስሳ ግን ከትልልቅ ስጋቶቹ አንዱ የእኛው ውሻ ነው።

የሆነውን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻና በ1992 መጀመሪያ የእብድ ውሻ በሽታ እዚሁ ተራሮች ላይ ወዳለው ወብ ሸለቆ ገባ። ተመራማሪዎች በመንጋ በመንጋቸው ለይተው ከሚያውቋቸው 53 ቀይ ቀበሮዎች 41ዱ ሞቱ ወይም ደብዛቸው ጠፋ። ሁሉም የሆነው በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። በ2003 ተመልሶ መጣ፤ በ2008ም፣ በ2014ም እንዲሁ። በመካከሉ በ2010 እና በ2015 ዲስቴምፐር የተባለው ሌላው የውሻ በሽታ ጨመረበት። ቀበሮዎቹ ለአደን ለየብቻ ይሂዱ እንጂ ማታና ጠዋት እየተገናኙ እየተላላሱ ሰላም የሚባባሉ ቤተሰቦች ናቸው። በሽታው የሚጨርሳቸው በዚሁ ፍቅራቸው በኩል ገብቶ ነው።

ታዲያ ሕፃኑም፣ ላሚቱም፣ ቀበሮውም የሚሞቱት በአንድ በር በገባ በሽታ ነው። በሩ ውሻችን ነው፤ ቁልፉም በእኛ እጅ ነው።

በሩ ለምን ክፍት ሆነ? ውሻው ስለራበው ነው። ያልበላ ውሻ ቤቱን አይጠብቅም፤ ጥንብ ፍለጋ ከቀበሌ ቀበሌ ይዞራል፣ ከሌላ ውሻ ይናከሳል፣ በጎዳንቱ፣ ከብት ለግጦሽ ወደ አምባው ሲወጣ፣ ከመንጋው ጋር ተራራ ላይ ይቀራል፣ ከቀበሮው ጋር በአንድ ሬሳ ላይ ይገናኛል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው አባባል ስለ ታማኝነት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ የበላበት ቤት ውሻውን እንደሚያስቀምጠውም ይነግረናል። ለውሻው ማብላት፣ ማጠጣት፣ ከብርድ የሚሸሸግበት ጥግ መስጠት ርኅራኄ ነው። በሽታን መከላከልም ነው። አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም።

«ይህን የሚያህል በሽታ እኛ ምን እናደርገዋለን?» የሚል ካለ የደስታን ታሪክ ያስታውስ። ስሙ ደስታ፣ ሥራው ሐዘን የነበረው የከብት በሽታ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጣሊያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ተነሥቶ አገሩን አዳረሰ። ከመቶው ከብት ዘጠናው እንዳለቀ ይገመታል። የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ የምትታለብ ላም ጠፋች፣ ረኃብ ተከተለ። ያንን ዘመን ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም እስከ ዛሬ አልጠፋም። ያ በሽታ ዛሬ የት አለ? የለም። ለአሥርት ዓመታት ከብት ተከተበ፤ የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ክትባቱን አመረተ። የመጨረሻው ምሽግ አፋር ነበር፤ ሙቀቱ ክትባት ያበላሻል፣ መንገዱም መኪና አያስገባም። እዚያ ድል የተነሣው ሙቀት የሚችል ክትባት ተሠርቶ፣ አርብቶ አደሩ ራሱ የመረጣቸው ልጆቹ ሠልጥነው መርፌውን በእግራቸው ከመንጋ መንጋ ስላዞሩት ነው። በአገራችን የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነበር። በ2008 ኢትዮጵያ፣ በ2011 ደግሞ መላው ዓለም ከደስታ በሽታ ነፃ መሆኑ ታወጀ። በሰው ልጅ ታሪክ በክትባት ጨርሶ የጠፋ የመጀመሪያው የእንስሳት በሽታ እሱ ነው። ያጠፉት ከብት ያዦቹ ጭምር ናቸው። እኛም የእነሱ ወገን ነን።

የእብድ ውሻ በሽታም እንደዚያ ይሸነፋል። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ውሾቿን በዘመቻ ከተበች፤ በ2019 ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን በሽታ እንዳስወገደች የዓለም ጤና ድርጅት መሰከረላት። ምሥጢሩ ቀላል ነው። አንድ ያበደ ውሻ ከመሞቱ በፊት በአማካይ በሽታውን የሚያስተላልፈው ለአንድ ወይም ለሁለት ውሻ ብቻ ነው። ከአሥሩ ውሾች ሰባቱ ከተከተቡ በሽታው የሚዘልበት ያጣል፤ ውኃ ያልደረሰው ቡቃያ ሆኖ ይደርቃል። ከአሥሩ ሰባት! ሁሉንም መያዝ አይጠበቅብንም። ግን በየዓመቱ መደገም አለበት፤ ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፣ የዘንድሮው ቡችላ አምና በተሰጠው ክትባት አይድንም።

«መግደሉ አይቀልም ወይ?» ለሚል፦ አይቀልም። በመርዝና በዱላ ያለቀው ውሻ ቦታውን ለሌላ፣ ላልተከተበ ውሻ ይለቃል። መርዙ ጥንብ አንሣውንም ቀበሮውንም ይጨምራል። የተከተበ ውሻ የገደለ ሰው የገዛ አጥሩን አፍርሷል።

«ሥራው የመንግሥት ነው፣ የድርጅቶች ነው» ለሚል፦ የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በእነዚህ ተራሮች ላይ ይሠራል፤ ሠራተኞቹ ውሻችንን ሲከትቡ፣ በወረርሽኝ ጊዜ ቀበሮዎችን ሲከትቡ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ ክትባት የያዘ የፍየል ሥጋ በምሽት በአምባው ላይ ሲበትኑ ኖረዋል። የተመሰገኑ ይሁኑ። ነገር ግን ውሻውን በስሙ የሚጠራው፣ ሲጠራውም የሚመጣለት ባለቤቱ ነው። ሐኪሙ መርፌ እንጂ ውሻ ይዞ አይመጣም።

«ውሻ ነጃሳ ነው፣ አልነካውም» ለሚልም ወንድሜ በአክብሮት እላለሁ፦ የተጠማ ውሻ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ምሕረት ማግኘቱን ሼሆቻችን ያስተምሩናል። ገመድ ማሰርና ሐኪሙ ዘንድ ማድረስ ከዚያ አይከብድም።

እንግዲህ ሥራውን እንከፋፈለው።

ቀኑ አለን። በአብዛኛው ዓመት መስከረም 18፣ በመስቀል ማግስት፣ ዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀንን ያስባል፤ ለዚህ በሽታ የመጀመሪያውን ክትባት ያዘጋጀው ሉዊ ፓስተር ያረፈበት ዕለት ነው። ያን ሰሞን ከሮቤ እስከ ሪራ በየቀበሌው የውሻ ክትባት ሳምንት እናድርገው።

አባ ወራዎችና እማ ወራዎች፦ ከዛሬ ጀምሮ በቤታችሁ ስንት ውሻ እንዳለ ለቀበሌው አስመዝግቡ። ማብላትና ማጠጣት አትርሱ። ወደ አምባው ስትወጡ ውሻውን ከቤት አስቀሩት፤ መቅረት ካልቻለ ሳይከተብ አይውጣ። የማትፈልጉትን ቡችላ ዱር አትጣሉ፤ የሚፈልግ ጎረቤት ፈልጉለት።

ልጆች፦ ውሻው የሚያምነው እናንተን ነው። በክትባቱ ቀን ገመዱን የምትይዙት እናንተ ናችሁ። ውሻ ቢነክሳችሁ ወይም ቢቧጭራችሁ አትደብቁ። የዚያኑ ጊዜ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና ለትልቅ ሰው ንገሩ።

ወላጆች፦ የተነከሰ ልጅ የሚያድረው ጤና ጣቢያ ደርሶ ነው። ቅጠል ሳይሞከር፣ «ቁስሉ ትንሽ ናት» ሳይባል፣ ነገ ሳይባል። ጸሎትና ዱዓ ከክትባቱ ጋር ይሂዱ፤ ክትባቱን ግን አያስቀሩት። የነከሰው ውሻ በሰላም መታሰር ከቻለ አትግደሉት፤ አሥር ቀን ታስሮ ቢታይ ሁኔታው ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።

አባ ገዳዎች፣ ሃዳ ሲንቄዎች፣ ሼሆችና ቀሳውስት፦ በጁምዓ፣ በሰንበት፣ በሠርግና በለቅሶ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሩልን። «ውሻህን አስከትበሃል?» የምትል ጥያቄ ከእናንተ አፍ ስትወጣ ከሺህ ወረቀት ትበልጣለች። ዕድሮችም ቅጣት ከማስከፈል በፊት ገመድና አፈሙዝ የጋራ አድርጋችሁ ግዙ፤ ሰባት ገመድ ለአንድ መንደር ይበቃል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችና የወረዳ ኃላፊዎች፦ ሕዝቡ ውሻውን ይዞ ሲመጣ ክትባቱ ይገኝ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀዝቀዝ ያለበት መድኃኒት በመንገድ ላይ ፀሐይ እየመታው አይምጣ። በጤና ጣቢያዎችም ለተነከሰ ሰው የሚሰጠው ክትባት «አልቋል» አይባል። ሪራ ከአምባው ማዶ ናት ተብላ አትታለፍ። በሽታው የቀበሌ ወሰን አያውቅምና እናንተም ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር በአንድ መዝገብ ሥሩ። የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዚያ ሳምንት ከእናንተ ጋር ይውጡ፤ ቆጠራውን፣ ምዝገባውን፣ የተከተበውን በቀለም ምልክት ማድረጉን ለእነሱ ስጧቸው።

ሾፌሮችና እንግዶች፦ ሳነቴ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ። የምግብ ትራፊ በመስኮት አትጣሉ፤ ውሻን ወደ ቀበሮው ሰፈር የሚጠራው እሱ ነው።

አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ነገር ካለፈ በኋላ የሚነሣውን ሰው ለመገሠጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008፣ በ2014 የጮኽነው ጅቡ ከሄደ በኋላ ነበር፤ ሬሳ እየቆጠርን። ውሻችን ግን እንደዚያ አያደርግም። እሱ ገና ኮቴው ሲሰማ ይነሣል። ስንት ሌሊት ለእኛ ነቅቷል! አንድ ቀን እኛ ለእሱ እንንቃ።

መስከረም 18 ገመዱን ያዙ። ልጃችሁን አስከትላችሁ፣ ጎረቤታችሁን ጠርታችሁ፣ ውሻችሁን በስሙ እየጠራችሁ ኑ።