እንግዶቹ ሙዚቀኞች ከሄዱ በኋላ

አንድ የበጎ አገልግሎት ማኅበር ከባሕር ማዶ የሚመጡ ወጣት ሙዚቀኞችን ሊያስተናግድ ነው የተባለ እንደ ሆነ፥ የሚሆነው ነገር ሁሉ አስቀድሞ የታወቀ ነው። አዳራሽ ይከራያል፤ የጥሪ ወረቀት ይታተማል፤ አበባ የሚያበረክቱ ሕፃናት ይመረጣሉ፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበርም ንግግር ያዘጋጃሉ። በቀጠሮው ምሽት እንግዶቹ ይጫወታሉ፥ ሕዝቡ ያጨበጭባል፥ ፎቶግራፍ ይነሣል። በማግሥቱ እንግዶቹ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይሸኛሉ። ይህ ሁሉ ደግና የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል፤ ይኸውም አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ በከተማው ውስጥ ምን ቀረ? የሚለው ነው።

የእኔ አሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። እንግዳ ሙዚቀኛን የመቀበል ዋጋ የሚመዘነው በአንድ ምሽት ጭብጨባ ሳይሆን፥ ለተቀባዩ አገር ወጣቶች ትቶት በሚሄደው ትምህርትና ወዳጅነት ነው። ይህ ካልሆነ የወጣው ገንዘብ ለአንድ ቀን ግብዣ የወጣ ገንዘብ ነው እንጂ ለአገልግሎት የወጣ ገንዘብ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ከሁሉ አስቀድሞ እነዚህ ማኅበሮች ለምን እንደ ተቋቋሙ ማስታወስ ይገባል። ሮታሪ የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1905 በቺካጎ ከተማ ሲመሠረት ጠንሳሹ ፖል ሃሪስ የተባለ ጠበቃ ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ አብረውት የተገኙትም አንድ የከሰል ነጋዴ፥ አንድ የማዕድን መሐንዲስና አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ማኅበሩ ስሙን ያገኘው ስብሰባው በየተራ ከአንዱ አባል መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ይዘዋወር ስለ ነበረ ነው። ሰዎቹ በመጀመሪያ የተሰባሰቡት ለወዳጅነትና በንግዳቸው ለመረዳዳት ነበር። ብዙ ሳይቆዩ ግን ለራስ ብቻ መሰብሰብ እንደማይበቃ ተረዱና በቺካጎ ከተማ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ መጣር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1917 የተቋቋመው ላዮንስም እንደዚሁ ዓይነ ስውራንን በመርዳት የታወቀ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ደግሞ ሮታሪ የልጅነት ልምሻን ከዓለም ለማጥፋት በሚደረገው ዘመቻ ከፍተኛ ድርሻ አለው። ሁለቱም ማኅበሮች በአገራችን ቅርንጫፎች አሏቸው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ የእንደዚህ ያለ ማኅበር እውነተኛ ሀብት የባንክ ሒሳቡ ሳይሆን የአባሎቹ እጅ፥ ጊዜና ቤት መሆኑን ነው። ይህም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እድርተኛ የሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ኀዘን በደረሰ ጊዜ ድንኳን የሚተክለው፥ ወንበር የሚሸከመው፥ እንጀራ ይዞ የሚመጣው ራሱ ጎረቤቱ ነው እንጂ የተከራየ ሰው አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው መባሉም ስለዚህ ነው። አርባ ወጣት ሙዚቀኞችን በሆቴል ማሳደር ለአንድ ማኅበር ከባድ ሸክም ነው። በሃያ ቤት ሁለት ሁለት አድርጎ ማሳደር ግን ለሃያ ቤተ ሰብ ደስታ ነው።

የቤት መስተንግዶ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከሚያስረዱት ምሳሌዎች አንዱ ላንጎለን የምትባለው ትንሽ ከተማ ናት። ላንጎለን በሰሜን ዌልስ በዲ ወንዝ ዳር ያለች፥ ጥቂት ሺህ ሰዎች ብቻ የሚኖሩባት ከተማ ስትሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1947 ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ዘማሪዎችና ሙዚቀኞች የሚወዳደሩበትን በዓል ጀመረች። ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ሁለት ዓመት የሆነበት ነበር፤ በብሪታንያም ምግብ በራሽን ይታደል ነበር። ከተማዋ ያን ሁሉ እንግዳ የሚችል ሆቴል አልነበራትም። ስለዚህ ሕዝቡ የየቤቱን በር ከፈተ፤ ትምህርት ቤቶችም መኝታ ቤት ሆኑ። ከድህነት የተነሣ የተደረገው ነገር የበዓሉ ዋና ውበት ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1949 ከጀርመን አገር ከሉቤክ ከተማ አንድ የመዘምራን ጓድ መጣ። ጦርነቱ ካበቃ አራት ዓመት ብቻ ነበርና ልጁን ወይም ወንድሙን ያጣ ሰው በየቤቱ ነበረ። ጀርመናውያኑ ወደ መድረኩ ሲወጡ እንዴት እንደሚቀበሏቸው ሳይሠጉ አልቀሩም። መድረኩን ይመራ የነበረው ሰው ግን ወዳጆቻችን ብሎ አስተዋወቃቸው፤ ሕዝቡም በታላቅ ጭብጨባ ተቀበላቸው። አምባሳደሮች በብዙ ደብዳቤ የሚደክሙበትን ነገር የአንዲት ትንሽ ከተማ ሕዝብ በአንድ ቀን አደረገው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ ከጣሊያን ከሞዴና ከተማ የመጣ ጓድ የአንደኛነትን ሽልማት ሲወስድ፥ ከአባቱ ጋር ሆኖ ይዘምር የነበረ አንድ የ19 ዓመት ወጣት በመካከሉ ነበረ። ስሙም ሉቺያኖ ፓቫሮቲ ነው። የሙዚቃ ሰው ለመሆን ያበረታታው ያ ድል መሆኑን በኋላ ዘመን ሲናገር ኖሯል፤ ከ40 ዓመት በኋላም፥ በ1995፥ እዚያው ከተማ ተመልሶ ዘፍኗል። ለእንግዳ የተዘረጋ አልጋ ምን እንደሚያፈራ አስቀድሞ ማን ያውቃል?

ከራሳችን ታሪክ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አለን። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ በአርመኖች ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ወጣቶች የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙ። ልጆቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በኦቶማን ግዛት በአርመን ሕዝብ ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ነበሩ። ራስ ተፈሪ ከፓትርያርኩ ጋር ተነጋግረው አርባውን ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ታሪክም «አርባ ልጆች» እያለ ያስታውሳቸዋል። መሪያቸው የነበረው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ መዝሙሩም በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ላይ ተሰምቶ፥ ዘውዳዊው ሥርዓት እስኪያበቃ ድረስ የአገሪቱ መዝሙር ሆኖ ኖረ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ለረጅም ዘመን በአዲስ አበባ ሙዚቃን ሲያስተምር፥ የቴአትር ቤት ኦርኬስትራ ሲመራና የአገራችንን ዜማዎች ለዘመናዊ መሣሪያዎች ሲያቀናብር ኖሯል።

አርባ ልጆች በአንድ ምሽት ተጫውተው በማግሥቱ ቢመለሱ ኖሮ ዛሬ ስማቸውን የሚያነሣ አይኖርም ነበር። እንዲታወሱ ያደረጋቸው ከእነርሱ ጋር የመጣው እውቀት እዚህ መቅረቱ ነው። እርግጥ ነው፥ ለአምስት ቀን የሚመጣ የተማሪዎች ጓድ ዕድሜ ልኩን ይቀመጥ አይባልም። ከአምስቱ ቀኖች ሁለቱን ለማስተማርና ለመማር ስጥ ቢባል ግን እምቢ የሚል ወጣት ሙዚቀኛ የሚገኝ አይመስለኝም።

በዚህ ነገር ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው፥ የተራበና የታመመ ባለበት አገር ለሙዚቃ ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ከቀና ልብ የመነጨ ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን እንግዶቹ በአባሎች ቤት ካደሩና ከአዳራሹ መግቢያ የሚገኘው ገንዘብ ለክሊኒክ ወይም ለትምህርት ቤት ከዋለ፥ ሙዚቃው ከድኻው አፍ አልነጠቀም፤ እንዲያውም ጨመረለት። ገንዘቡ በሆቴልና በግብዣ ካለቀ ግን ተቃዋሚው እውነት አለው። ስለዚህ ማኅበሮቹ ከዝግጅቱ በኋላ ምን ገባ፥ ምን ወጣ የሚለውን በግልጽ ቢያስታውቁ አፋቸውን ሞልተው መናገር ይችላሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የባሕር ማዶ ሙዚቃ የራሳችንን ይውጠዋል የሚል ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ የሚደርሰው እኛ ሁልጊዜ አድማጭ፥ እንግዳው ሁልጊዜ አሰሚ ከሆነ ነው። ትዝታን፥ ባቲን፥ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን የያዘ ሕዝብ፥ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራ ግዕዝ፥ ዕዝልና ዓራራይ የተባለ የዜማ ሥርዓት ያለው ሕዝብ፥ በእንግዳ ፊት ባዶ እጁን የሚቆምበት ምክንያት የለም። በኖታ የተማረ የቫዮሊን ተጫዋች ከአንድ የማሲንቆ ተጫዋች አጠገብ ይቀመጥ፤ በአንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ያ ሁሉ ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ ይይ፤ አንቺ ሆዬንም በቫዮሊኑ ይሞክር። ማሲንቆ ተጫዋቹ በበኩሉ ኖታ ማንበብ ምን እንደሚረዳ ይመልከት። አንዱ በጆሮው የሚያውቀውን ሌላው በዓይኑ ያነበዋል። ሁለቱም ከዚያ ሲነሡ ከቀድሞው የበለጠ አዋቂዎች ይሆናሉ።

በተማሪነቴ ዘመን ካየኋቸው ነገሮች አንዱ ዛሬም ያሳዝነኛል። ከውጭ የመጡ ወጣቶች በሚጫወቱበት ምሽት የፊቱ መቀመጫ ሁሉ ለተጠሩ ክቡራን እንግዶች ተጠብቆ ነበር። ከተጠሩትም ብዙዎቹ ሳይመጡ ቀሩ። ሙዚቃ የሚማሩ ወጣቶች ግን የጥሪ ወረቀት የላችሁም ተብለው በር ላይ ቆሙ። ባዶ ወንበር ፊት መጫወት ለሙዚቀኛው ውርደት፥ የተዘጋ በር ፊት መቆም ለተማሪው ኀዘን ነው። ወንበሩ የሚገባው ጣቱ ክራር ለሚያውቀው ወጣት ነበር።

እንግዲህ አሳብ ማቅረብ ከተገባ የሚከተለውን አቀርባለሁ። አንደኛ፥ ከማናቸውም ኮንሰርት መቀመጫዎች ከፊሉ ለሙዚቃ ተማሪዎች በነጻ ይመደብ። ሁለተኛ፥ እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት እዚህ ምን እንደጎደለ ተጽፎ ይላክላቸው። የቫዮሊን ክር፥ የክላርኔት ምላስ፥ የኖታ መጽሐፍ በሻንጣ ውስጥ ብዙ ቦታ አይዝም፤ ለአንድ ተማሪ ግን የዓመት ሥራ ነው። ሦስተኛ፥ እንግዶቹ የሚያድሩባቸው ቤቶች አስቀድሞ በጥንቃቄ ይመርመሩ። ሮታሪ በተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራሙ አሳዳሪ ቤተ ሰቦችን ሳይመረምር ወጣት አያሳድርም፤ የሰው ልጅ በአደራ ሲሰጥ እምነት ብቻ አይበቃምና። አራተኛ፥ የመጀመሪያው ቀን ለዕረፍት ይተው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ አላት፤ ከዝቅተኛ አገር የመጣ መለከት ነፊ በደረሰበት ምሽት መድረክ ላይ ቢወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። አምስተኛ፥ የእኛም ወጣቶች በተራቸው እንዲሄዱ ከመጀመሪያው ይዋዋሉ። ጥሪው የአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ወዳጅነቱ አንካሳ ነው።

መሄድም ምን እንደሚጠቅም ምስክር አለን። ሙላቱ አስታጥቄ ገና ወጣት ሳለ ምሕንድስና እንዲማር የተላከው ወደዚያው ወደ ሰሜን ዌልስ፥ ሬክስሃም አጠገብ ወዳለ ትምህርት ቤት ነበር፤ ስፍራውም ከላንጎለን ብዙ አይርቅም። በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ የሙዚቃ ስጦታው ታወቀና መንገዱ ተለወጠ። ከዚያም በለንደንና በቦስተን ተምሮ ዛሬ ዓለም ኢትዮ ጃዝ እያለ የሚጠራውን አመጣ። አንድን ወጣት በእንግድነት የተቀበለ አገር ለሁለት አገር የሚሆን ሀብት ሊያፈራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣት ሹማምንት ሆይ፥ ይህ ጉዳይ የእናንተም ነው። የመግቢያ ፈቃዱን የምትመለከቱት፥ በጉምሩክ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር የምታመሳክሩት እናንተ ናችሁ። ለአንድ ቼሎ በአውሮፕላን ውስጥ የራሱ መቀመጫ የሚገዛለት፥ ከሰው እኩል ጥንቃቄ ስለሚያስፈልገው ነው። በሕጉ የታዘዘውን ቁጥጥር ፈጽሙ፤ ግን ዛሬ ሊፈረም የሚችለውን ደብዳቤ ለነገ አታሳድሩት። እንግዳ ስለ አገራችን የመጀመሪያውን ቃል የሚሰማው ከእናንተ መስኮት ነውና።

ተማሪዎች ሆይ፥ እናንተም ለማጨብጨብ ብቻ አትምጡ። ክራራችሁን፥ ዋሽንታችሁንና ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ኑ። የእንግዳውን ስም ጠይቁ፤ የእናንተንም አስጠኑት። አንድ ዜማ ከእርሱ ተማሩ፥ አንድ ዜማም አስተምሩት። የማኅበሩ ሊቀ መንበር በመጨረሻ ሪፖርት ሲያቀርቡ፥ ስንት ሰው እንዳጨበጨበ ብቻ ሳይሆን ስንት ወጣት ትናንት የማያውቀውን ዜማ ዛሬ እንደሚጫወት መናገር ከቻሉ፥ ማኅበራቸው በእውነት አገልግሏል።