የመረቡ ዓይን ስፋት የማን ትምህርት ነው?

ዓሣ ማስገር በአገራችን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ እንጂ በትምህርት የሚዳብር ዕውቀት ተደርጎ እምብዛም አይታይም። በእኔ እምነት ይህ አመለካከት ሐይቆቻችንንም የሳይንስ ትምህርታችንንም ጎድቷል።

ጣናን እንውሰድ። ላቢዮባርበስ ከተባለው ወገን የሆኑ 15 ያህል የዓሣ ዝርያዎች በዓለም ላይ ከጣና ሐይቅና ከገባር ወንዞቹ በቀር በሌላ ስፍራ አይታወቁም። ከእነዚህ በርካታዎቹ በክረምት ወራት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ርብና ጉማራን ወደመሳሰሉ ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ። በዚያ ወቅት ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት ስፍራ የተዘረጋ መረብ የሚይዘው የዛሬውን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የከርሞውንም ጭምር ነው።

የመረቡ ዓይን ስፋትም ቀላል ጉዳይ አይደለም። መረብ እንደ ወንፊት ነው፤ የሚያልፈውንና የሚቀረውን የሚለየው በዓይኑ ስፋት ነው። ቅርጹን ሳይለውጥ ርዝመቱ በእጥፍ ያደገ ዓሣ ወርዱም ውፍረቱም በእጥፍ ያድጋል፤ ክብደቱም 2 በ2 በ2 ተባዝቶ 8 እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ በ15 ሴንቲ ሜትር ርዝመቱ የተያዘ ቀረሶ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ኖሮ ይመዝን ከነበረው አንድ ስምንተኛውን ያህል ብቻ ይመዝናል። ምናልባትም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይራባ ተይዟል።

አስጋሪው ግን «እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይይዘው የለምን?» ቢል ተገቢ ጥያቄ መጠየቁ ነው። ሰፊ ዓይን ያለው መረብ የሚጠቅመው ሁሉም ሲጠቀሙበት ነውና፣ ትምህርቱም ለጎልማሳውና ለወጣቱ በአንድነት ሊሰጥ ይገባል። በ1995 ዓ.ም. ስለ ዓሣ ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። አዋጅ የተከለከለውን ይናገራል፤ የተከለከለበትን ምክንያት ወደ ልብ የሚያደርሰው ግን ትምህርት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ሥራ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በሐይቅ ዳር ከተሞች የምትገኙ ተማሪዎች ማስመሪያና ሚዛን ይዛችሁ፣ ባለቤቶቹን አስፈቅዳችሁ፣ የ50 ዓሣዎችን ርዝመትና ክብደት መዝግቡ፤ ውጤቱን በግራፍ አሳይታችሁ ለአስጋሪዎቹ አቅርቡ። ከእነርሱም ዓሣው መቼ በየትኛው ወንዝ እንደሚወጣ ተማሩ። ማስገር በሚቆምባቸው ሳምንታት አስጋሪው ቤተሰቡን በምን ያስተዳድር የሚለው ጥያቄም በዚያው ጉባኤ ይነሣ። ይህ ጥያቄ የሌለበት ትምህርት ዓሣውን ሊቆጥር ይችላል፤ ሊያድነው ግን አይችልም።