ስፖርት በጎዳና ላይ የሚኖሩ ሕፃናትን ከማኅበራዊ አገልግሎት ጋር በማገናኘት ረገድ ያለው ሚና

በአዲስ አበባና በሌሎች ትላልቅ ከተሞች ኑሯቸውን በጎዳና ላይ ያደረጉ ሕፃናት በርካታ ናቸው። ከፊሎቹ ቀን ጎዳና ላይ ሠርተው ማታ ወደ ቤተሰባቸው ሲመለሱ፣ ሌሎቹ ከድህነት፣ ከወላጅ ሞት ወይም ከቤተሰብ መፍረስ የተነሳ ከትውልድ ቀያቸው ርቀው አዳራቸውን በረንዳ ላይ አድርገዋል። ጫማ በመጥረግ፣ ሎተሪ በማዞርና ዕቃ በመሸከም ከሚያገኙት ገንዘብ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

እነዚህን ሕፃናት ለመደገፍ የሚደረገው ጥረት በመጀመሪያ የሚገጥመው እንቅፋት የመተማመን እጦት ነው። ከአዋቂዎች ዘንድ መባረርንና ስድብን የለመደ ሕፃን ለማያውቀው ጠያቂ እውነተኛ ስሙንና የመጣበትን አካባቢ አይናገርም። ቤተሰብን ማፈላለግም ሆነ የልደት ምዝገባና የትምህርት ቤት ምዝገባ ግን የሚጀምሩት ከስም ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከሕፃናት መብቶች መካከል ስምና ዜግነት የማግኘት መብትን መደንገጉም ለዚህ ጉዳይ ያለውን ክብደት ያመለክታል።

ስፖርት ለምን?

ስፖርት ከሕፃኑ ጋር የሚደረገውን ግንኙነት በጥያቄ ሳይሆን በጨዋታ ያስጀምራል። የጨርቅ ኳስና ጥቂት ባዶ ቦታ ካለ ማንም ይሰለፋል። አሠልጣኙ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ሲገኝ፣ የቀረውን ልጅ «የት ጠፋህ?» ብሎ ሲጠይቅና የታመመውን ሲያስተውል፣ ሕፃኑ የሚያስብለት ሰው እንዳለ ይረዳል። ለወራት የተገነባ እንዲህ ያለ ግንኙነት በአንድ ቀን መጠይቅ የማይገኘውን መረጃ ያስገኛል።

ጨዋታ ከመብት የተለየ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀውና ኢትዮጵያ የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 የዕረፍትና የመጫወት መብትን ለሕፃናት ሁሉ ሰጥቷል። የኮንቬንሽኑን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ጠቅላላ አስተያየት ቁጥር 21 ደግሞ በጎዳና ላይ ያሉ ሕፃናት እንደ ችግር ሳይሆን እንደ ባለመብት ሊታዩ እንደሚገባ ያስገነዝባል።

ከሌሎች ሀገሮች ልምድ

በኬንያ ናይሮቢ፣ ማታሬ በተባለው የድሆች መንደር እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተው የወጣቶች ስፖርት ማኅበር እግር ኳስን ከአካባቢ ጽዳት ጋር አቀናጅቷል። ቡድኖች ነጥብ የሚያገኙት በሜዳ ላይ በማሸነፍ ብቻ ሳይሆን ሰፈራቸውን በማጽዳትም ነው። በዚህም ልጆቹ ለሰፈራቸው የሚጠቅሙ መሆናቸው በነዋሪው ዘንድ እንዲታይ ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካ ደርባን የተጀመረው የጎዳና ሕፃናት የዓለም ዋንጫም በ2014 በሪዮ ዴ ጄኔሮ፣ በ2018 በሞስኮ፣ በ2022 በዶሃ ተካሂዷል። ከውድድሩ ጎን ለጎን ተሳታፊ ሕፃናት ስለ መብቶቻቸው የሚወያዩበት መድረክ ይዘጋጃል፤ የሕጋዊ ማንነት ሰነድ ጉዳይም ከዋና ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ ነው።

ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ስፖርት በራሱ ግብ አይደለም። ማልያ ታድሎ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚያበቃ የአንድ ቀን ውድድር ሕፃኑን ማታ ወደዚያው በረንዳ ይመልሰዋል። ፋይዳ የሚኖረው ጨዋታው ሳይቋረጥ ሲቀጥልና ከሜዳው አጠገብ የማኅበራዊ ሠራተኛ፣ የጤና ባለሙያና ምግብ ሲኖር ነው። ማስቲሽ የሚስብ ሕፃን ከጨዋታው ከመባረር ይልቅ ሕክምናና ምክር ሊያገኝ ይገባል።

የጨዋታ ሰዓትም ሕፃናቱ የዕለት ጉርሳቸውን ከሚያገኙበት ሰዓት ጋር መጋጨት የለበትም። ልጃገረዶች ለጥቃት ይበልጥ የተጋለጡ በመሆናቸው ሴት አሠልጣኞችና ደኅንነቱ የተጠበቀ ቦታ ያስፈልጋቸዋል። የአሠልጣኞችን ሥነ ምግባርና ያለፈ ታሪክ አስቀድሞ ማጣራትም የግድ ነው።

ከሁሉ በላይ፣ የጨዋታው ሜዳ ሕፃናትን ለማፈስ ዓላማ መዋል የለበትም። አንድ ጊዜ በሜዳው ላይ የታፈሰ ሕፃን ዳግመኛ አይመጣም፤ ወሬውን የሰሙ ጓደኞቹም ይቀራሉ። በወራት የተገነባው መተማመን በአንድ ቀን ይፈርሳል።

የኅብረተሰቡ ድርሻ

ድጋፍ የሚያስፈልገው ሕፃን ያጋጠመው ማንኛውም ሰው በአካባቢው ለሚገኘው የወረዳ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ጥቃት የደረሰ እንደሆነ ደግሞ በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ጣቢያ ሊያሳውቅ ይችላል። ልጃቸው ከቤት የወጣባቸው ወላጆች የልጁን ሙሉ ስም፣ ዕድሜና የቅርብ ጊዜ ፎቶግራፍ ይዘው መቅረባቸው ፍለጋውን ያግዛል። በየሰፈሩ ኳስ የሚያሠለጥኑ በጎ ፈቃደኞችም ሥራቸውን ለጽሕፈት ቤቱ አስታውቀው ከማኅበራዊ ሠራተኞች ጋር ቢቀናጁ፣ በሜዳው ላይ ስሙን የተናገረው ሕፃን ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ቤተሰቡ የሚመለስበት መንገድ ያጥራል።