ኤፍ ኮርድን መጋፈጥ ወይስ ማለፍ?

ጊታር የጀመረ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በደስታ ነው የሚያሳልፋቸው። ኢ ማይነር በሁለት ጣት ይያዛል። ኤ ማይነርና ሲ ይከተላሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲኬድ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ካሉበት አይነቃነቁም፣ የቀለበት ጣት ብቻ ቦታ ይቀይራል። በእነዚህ ጥቂት ኮርዶች ብዙ ዘፈን ይወጣል። ከዚያ ግን ከሚወዱት ዘፈን መሃል ያልለመዱት ኮርድ ብቅ ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ኤፍ ነው። ሌባ ጣት የመጀመሪያው ፍሬት ላይ በስድስቱም ክሮች አናት ይጋደማል፣ ሌሎቹ ሦስት ጣቶች ከፊቱ ይሰለፋሉ፣ ሲመታ ግማሹ ክር ዝም ይላል፣ ግማሹ ይንጫጫል። ጊታራቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው የተዉ ብዙ ሰዎች የተዉት እዚህ ጋ ነው።

አስተማሪዎችም እዚህ ላይ ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «ኤፍን ሳትይዝ ወደፊት አትሄድም» ይላል፤ ኮርዱ ጠርቶ እስኪወጣ ዘፈኑ ይቆያል። ሌላው ወገን «ምን አሰቃየህ? ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ፍሬት ላይ የሚይዘውን መቆንጠጫ) ግጠምና ቀጥል» ይላል፤ ወይም አራት ክር ብቻ የሚመታበትን ቀላሉን ኤፍ ያሳያል። ሁለቱም ለተማሪው አስበው ነው የሚናገሩት። ጥያቄው ግን እንዲህ በደፈናው ሲቀርብ መልስ ያለው አይመስለኝም። የትኛው ዘፈን፣ በየትኛው ቅኝት፣ ከማን ጋር ተብሎ መጠየቅ አለበት።

የመጋፈጥን ወገን እናስቀድም። ኤፍ የኢ ሜጀር ቅርጽ ነው፤ አንድ ፍሬት ወደፊት ተገፍቶ፣ ክፍት የነበሩትን ክሮች ሌባ ጣት ተክቶ የያዘበት። ቅርጹ አንዴ እጅ ከገባ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ጂ፣ አምስተኛው ላይ ኤ፣ ስምንተኛው ላይ ሲ ይሆናል። የመሃል ጣት ሲነሳ ያው ኮርድ ማይነር ነው። በአንድ ቅርጽ 12 ሜጀርና 12 ማይነር ኮርድ ይገኛል ማለት ነው። ይህ ከሰው ጋር ለሚጫወት ትልቅ ነገር ነው። ዘፋኝ ለድምፁ የሚመቸው ከፍታ አለው፣ ወደ እሱ የሚሄደው አጃቢው ነው። በሠርግ ላይም ሆነ በመዘምራን ልምምድ «ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጉልኝ» ሲባል ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይገላገላል፤ ጊታር የያዘው ግን የሚተማመነው በጣቱ ነው። ካፖ ድምፅ ከፍ ያደርጋል እንጂ ዝቅ አያደርግም። ከኢ ማይነር ግማሽ ድምፅ ውረድ የተባለ ሰው ወይ ክሮቹን ሁሉ ማላላት፣ ወይ ዘፈኑን በሌላ ቅርጽ ማሰብ ግድ ይሆንበታል። የሚጋደመውን ኮርድ የተማረ ይህ ጭንቀት የለበትም።

ይህ ወገን የሚሳሳተው ችግሩን ሁሉ በተማሪው ስንፍና ሲያሳብብ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው። ርካሽ ጊታሮች ላይ ክሮቹ ከአንገቱ ጫፍ፣ ከክር መቃኛዎቹ በታች ካለችው ጎድጓዳ ማረፊያ ላይ ከመጠን በላይ ከፍ ብለው ይቀመጣሉ፤ የመጀመሪያው ፍሬት ለዚያች ማረፊያ የቀረበ ስለሆነ ክሩን ወደታች ማጎንበስ እዚያ ላይ ከየትኛውም ቦታ ይከብዳል። የክሩም ውፍረት አለበት፤ በጣም ቀጭኑ ክር 0.012 ኢንች የሆነበትን የብረት ክር 0.010 በሆነበት መቀየር ብቻ የእጅን ድካም ይቀንሳል። አያያዙም ብዙ ጊዜ በትክክል አይነገርም። ተማሪው ሌባ ጣቱን ስድስቱም ክሮች ላይ እኩል ሊጫን ሲታገል አውራ ጣቱ ሥር ያለው ጡንቻ ይዝላል። ነገር ግን አምስተኛውን፣ አራተኛውንና ሦስተኛውን ክር የያዙት ሌሎቹ ጣቶች ናቸው። ከሌባ ጣት የሚጠበቀው ስድስተኛው፣ ሁለተኛውና አንደኛው ክር ብቻ ነው። ጣቱን ትንሽ ወደ አውራ ጣት በኩል አዘንብሎ በጠንካራው ጎኑ ማስተኛት፣ ጉልበቱንም ከክንድ ክብደት ማምጣት ይበቃል። ይህን የነገሩት ተማሪና ያልነገሩት ተማሪ አንድ ዓይነት ኮርድ እየተማሩ አይደለም።

አሁን ወደ ማለፍ። ይህኛው ወገን የስንፍና ምክር ይመስላል፣ የእኛን ዘፈኖች ለሚጫወት ግን ጥሩ መሠረት አለው። ትዝታ ማይነር የሚባለውን ቅኝት ከኤ ብንጀምረው አምስቱ ድምፆች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ እና ኤፍ ናቸው። ከእነዚህ ድምፆች ብቻ የሚሠሩ ባለሦስት ድምፅ ሜጀርና ማይነር ኮርዶች ሁለት ናቸው፤ ኤ ማይነርና ኤፍ ሜጀር። ጀማሪው የሚፈራው ኮርድ እዚሁ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ያንኑ ትዝታ ከኢ ብንጀምረው ግን ኮርዶቹ ኢ ማይነርና ሲ ይሆናሉ፤ ሁለቱም የመጀመሪያው ሳምንት ኮርዶች ናቸው። ካፖውን አምስተኛው ፍሬት ላይ አስሮ እነዚህን ሁለቱን የያዘ ሰው ጆሮ ላይ የሚደርሰው ኤ ማይነርና ኤፍ ነው። የሚጎድለው አለ፤ ሙሉው ኤፍ ከታች የሚሰጠው ወፍራም ድምፅ በካፖው ላይ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ቀጠን ይላል። ብቻውን ለሚያንጎራጉር ሰው ይህ ብዙ አይጎዳም። ባስ ጊታር ካለም ክፍተቱን እሱ ይሞላዋል።

ቀላሉ ኤፍስ? ከአራተኛው ክር ጀምሮ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ ይይዛል፣ አንደኛው ክር ክፍት ሆኖ ኢን ያሰማል፤ ሙዚቀኞች ኤፍ ሜጀር ሰባተኛ የሚሉት ነው። ጥብቅ አስተማሪ «ይሄ ኤፍ አይደለም» ይላል፣ ልክ ነው። ግን ኢ ራሷ ከትዝታው አምስት ድምፆች አንዷ ናት። ኮርዱ ትንሽ ይሻክራል፣ ከቅኝቱ ግን አይወጣም። ለዝግተኛ ትዝታ እንዲያውም ከሙሉው ኤፍ ይልቅ የሚያምርበት ጊዜ አለ፤ ይህ የኔ ጆሮ ፍርድ ነው። ደማቅ፣ ፈጠን ባለ ጭፈራ ላይ ግን ያች ክፍት ኢ ትንሳፈፋለች፤ እዚያ ሙሉው ኮርድ ያስፈልጋል።

ሁለቱም ወገኖች የሚዘነጉትን ነገር የሚያሳየን የአምባሰል ቅኝት ነው። አምባሰልን ከኢ ብንጀምረው ድምፆቹ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ናቸው። እላይ ካለው ትዝታ ጋር አንድ ናቸው፣ ማረፊያው ብቻ ተለወጠ። ዜማው ኢ ላይ ሲያርፍ ጀማሪው በኩራት የሚያውቀውን ኢ ማይነር ይመታል። ያኔ ሦስተኛው ክር ክፍት ሆኖ ጂን ያሰማል፤ ጂ ደግሞ በቅኝቱ ውስጥ የለችም። ኢ ሜጀር ቢመታም ጂ ሻርፕ ይመጣል፣ እሷም ባዕድ ናት። ለዚህ ማረፊያ የሚስማማው ኢና ቢ ብቻ ያሉበት ጎደሎ ኮርድ ነው፤ ጣቶቹ ኢ ማይነር ላይ እንዳሉ ሆነው ሦስተኛውን ክር አፍኖ ወይም ሦስቱን ወፍራም ክሮች ብቻ መትቶ ይገኛል። ለእጅ ከኢ ማይነር አይከብድም፣ ለጆሮ ግን ፍጹም አዲስ ነው። አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝትማ ከመነሻ ድምፁ ላይ አምስተኛ (ቢ ለኢ እንደሆነችው) እንኳን ስለሌለው ለዚህም ጎደሎ ኮርድ አይመችም። ያልለመድነው ኮርድ ሲባል ጣት የሚያጣምመውን ብቻ ማሰባችን እዚህ ያሳጣናል።

ከቅኝቱ ውጪ ያለ ድምፅ ማስገባት ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአገሩን ቅኝቶች ከጃዝ ኮርዶች ጋር አዋህዷል፤ የሠራው ግን የቅኝቱን ጠባይ አውቆ ነው። ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ሲጫወት ጊታሩ ኮርድ ከመምታት አልፎ ዜማውን ራሱ ያወራ ነበር። ክራርም ክሮቹ በቅኝቱ ልክ ስለሚቃኙ አጃቢው ባዕድ ድምፅ ልምታ ቢል እንኳን ክሩ የለውም። ጊታር ላይ ግን 12ቱም ድምፆች በእጃችን ናቸው፤ የትኛውን መተው እንዳለብን መወሰን በእኛ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ የማመዝነው ወዴት ነው? ዘፈኑን ለኤፍ ሲባል ማቆየትን አልደግፍም። በቀላሉ ኤፍ ወይም በካፖ ዛሬውኑ ይጫወት፤ ሰው ዘፈን ለመጫወት እንጂ ኮርድ ለመሰብሰብ ጊታር አልገዛም። ግን የሚያልፈው ሰው የተወውን ነገር በስሙ ይወቀው። አራት ክር የመታ ሁለት ወፍራም ክሮች እንደተወ፣ ካፖ ያሰረም ኮርዱ በጆሮ ሲሰማ ስሙ ማን እንደሆነ መናገር ይቻል። ካፖ አምስተኛው ፍሬት ላይ አስሮ «ሲ ነው የምመታው» የሚል ልጅ አጠገቡ ካለው ባሲስት ጋር እስከ ማታ አይግባባም።

ሙሉውን ቅርጽ ደግሞ በጎን፣ ከልምምዱ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ሰጥቶ ከአምስተኛው ፍሬት ይጀምር፤ እዚያ ክሩ ይለሳል፣ ፍሬቶቹም ይቀራረባሉ። ሦስት ጣቶቹን ብቻ አስቀድሞ ያስቀምጥ፣ ሌባ ጣትን በመጨረሻ ያጋድም፣ እያንዳንዱን ክር ለየብቻ ነክቶ የትኛው እንደታፈነ ይስማ። ሲጠራለት ወደ አራተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ፍሬት ይውረድ። የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ሲደርስ ብቻ ኤ ማይነርን ከጎኑ አድርጎ ሁለቱን በቀስታ ያመላልስ፤ መጀመሪያ በአራት ምት አንዴ፣ ከዚያ በሁለት።