አደራ ተቀባዩ ማን ነው?

ቋንቋችንን በማጥናት ላይ ያላችሁ ሹማምንት «ጥበቃ» የሚለውን ቃል ቶሎ እንደምትለምዱት እናውቃለን። ዛሬ ግን ከዚያ ጠለቅ ያለውን «አደራ» የተባለውን ቃል እናነሣለን። እኛ በአፍ መፍቻችን በትግርኛ «ሕድሪ» እንለዋለን፤ ሶማሌዎችም ከዓረብኛ ተውሰው «አማኖ» ይሉታል። ዘበኛ ደመወዝ ተቀብሎ ይጠብቃል፤ አደራ የተቀበለ ሰው ግን ቢያጐድል «አደራ በላ» ተብሎ ስሙ ይነሣል።

ነገሩን በሀርጌሳ ከተማ እንመልከተው። በዚያ ወላጅ ልጁን ወደ ኳስ ሜዳ ወይም ወደ ወጣቶች ማእከል ሲልክ፣ አስተማሪው የማን ልጅ፣ የየትኛው ጎሣ መሆኑን ያውቃልና ልቡ ያርፋል። በልጅ ላይ ነውር የተፈጸመ እንደ ሆነም የሁለቱ ወገን ሽማግሎች «ሔር» በተባለው የአባቶች ሕግ ተቀምጠው ካሣ ይቈርጣሉ። እኛ ይህን ሥርዓት አናቃልልም፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ሽማግሎች በቦረማ ተሰብስበው የሰላም ውል ያቆሙት በዚሁ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ካሣው የሚቈረጠው በጎሣና በጎሣ መካከል ነው፤ ልጅቱ በሸንጎው አትቀመጥም፤ በዳዩም በማግሥቱ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። ከኢትዮጵያ ተሰደው በዚያ የሚኖሩ የወገኖቻችን ልጆችማ የሚቀመጥላቸው ሽማግሌ የማይገኝበት ጊዜ አለ።

ሕጉም ሲያወላውል ታይቷል። በ2018 የጊዜው ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሒ ዐብዲ የወሲብ ወንጀሎችን የሚቀጣ ሕግ ፈረሙ፤ በ2020 ግን የታችኛው ምክር ቤት በምትኩ ሌላ ረቂቅ አሳለፈ።

ስለዚህ የማእከሉ መሪ ሕግ እስኪጸና መጠበቅ የለበትም። በ2003 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ባወጡት መመሪያ፣ ሠራተኛ 18 ዓመት ካልሞላው ልጅ ጋር የሥጋ ግንኙነት እንዳያደርግ ከለከሉ፤ «ዕድሜውን አላወቅሁም» ማለትም ምክንያት አይሆንም አሉ፤ በየመሥሪያ ቤቱም አቤቱታ የሚቀበል ከፍ ያለ ሹም እንዲመደብ አዘዙ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በወሎ፣ በጃሪ የሕፃናት መንደር ይሠራ የነበረውን አንድ የውጭ አገር ሰው በወንዶች ልጆች ላይ ባደረሰው በደል በእስራት ቀጣ። መንደሩ ረሀብ ወላጆቻቸውን የነጠቃቸው ልጆች የተጠጉበት ነበር። እነዚያ ልጆች ለማን አቤት ይበሉ ኖሯል?

ሕፃን ምሥጢሩን ሲገልጥ «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል መግባት አይገባም። ቃሉን እንደ ተናገረው መጻፍ ይበቃል፤ መመርመር የፖሊስ፣ ማከም የሐኪም ሥራ ነው። የተከሰሰውም ሰው ነገሩ እስኪጣራ ከልጆች ይራቅ። ይህ ሁሉ ቀላል ነው። የሚከብደው፣ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ መጥተው ሻይ ከጠጡ በኋላ «ልጄ፣ ነገሩ በቤታችን ይለቅ» ያሉ እንደ ሆነ ነው። መሪው ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ «አባቴ፣ እርስዎ ጎሣዎቹን ያስታርቁ፤ እኔ የተቀበልሁትን ወረቀት መሰወር አልችልም» ለማለት ድፍረት ያስፈልገዋል። ድፍረቱም በዚያች ሰዓት ድንገት አይገኝም፤ ከቦርዱና ከወላጆች ጋር አስቀድሞ የተስማማ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

አቤቱታ ተቀባዩ ማን እንደ ሆነም ልጆች በሚያነቡት ሶማልኛ ተጽፎ በማእከሉ በር ላይ ይለጠፍ፤ የተጻፈውም ስም የመሪው ብቻ አይሁን።